ለ60 ሰው የገና ፖትላክ፦ ማን ምን ይዞ ይምጣ?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ተረቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ሃምሳውም ሰው ሎሚ ብቻ ይዞ የመጣ ቀን ነው።

ያ ቀን ደርሶብኛል። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የገና ሰሞን ቅዳሜ። ሁሉም ምግብ ይዞ የሚመጣበት ድግስ (እዚህ ፖትላክ ይሉታል) ብለን 60 ሰው ጠርተን ነበር። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ «የቻላችሁትን ይዛችሁ ኑ» ብዬ ጻፍኩ። ትህትና መስሎኝ። ሰዉም እንደተባለው የቻለውን ይዞ መጣ። ምስር ወጥ ብቻ ሰባት ትሪ። ሰላጣ አራት። ድፎ ዳቦ አምስት። እንጀራውን ግን ሁሉም «ሌላው ያመጣዋል» ብሎ ትቶት ኖሮ፣ የተገኘው ሁለት እሽግ ነው። ሃያ እንጀራ ለ60 ሰው! ቀድመው የተሰለፉት በሉ። የቀረነው ምስሩን በድፎ ዳቦ እየጠቀስን ቆየን። እንጀራ ሊገዛ የወጣው ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለስ ወጡ በርዷል፣ ልጆቹ ቺፕስ ጠግበዋል።

ፖትላክ የሚለው ስም እንጂ ነገሩ ለእኛ አዲስ አይደለም። ማኅበሩም፣ ሰንበቴውም፣ ለቅሶ ቤት ምግብ ይዞ መሄዱም ያው ተካፍሎ መሸከም ነው። ልዩነቱ እድር ደንብ አለው። ዳኛ አለው፣ የሚጽፍ ጸሐፊ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ፖትላክ ላይ ግን ሰው «ምን ላምጣ?» ሲለን «ኧረ ምንም! እናንተ ብቻ ኑ» እንላለን። ሰባቱን ትሪ ምስር ያመጣው ይኸው ይሉኝታ ነው። ከዚያ ወዲህ አራት ገና አዘጋጅቻለሁ። አሠራሬን እነሆ፤ ቁጥሩን ለራሳችሁ ሰው ብዛት ቀንሱት ወይ ጨምሩት።

1. ቀኑን ቁረጡ፤ ከገና በፊት እንዳይሆን

ገና በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው። አሜሪካ ውስጥ የሥራ ቀን ነው። ሌሊቱን ያስቀደሰ ሰው ደግሞ በማግስቱ ትሪ ተሸክሞ አይመጣም፤ ይተኛል። ስለዚህ ቅዳሜ ይሻላል።

ግን የቱ ቅዳሜ? ከበዓሉ በኋላ ያለው። ይህን የምለው አንድ ጊዜ አዳራሽ የተገኘው ከገና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው ተብሎ ልንይዘው ስለነበር ነው። ጾመ ነቢያት ገና አልተፈታም! የአዳራሹ ኪራይ ረክሶ ዶሮው ሊቀር ነበር። በ2019 ዓ.ም. ገና ሐሙስ ስለሚውል ጃንዋሪ 9 ያለው ቅዳሜ ይመቻል። ከዚያ ካለፈ ጥምቀት ይመጣና ሰው ይበታተናል።

አዳራሽ ከሁለት ወር በፊት ያዙ። ስትይዙ አራት ነገር ጠይቁ። ምድጃ አለ ወይ? ፍሪጅ አለ ወይ? መጠጥ ይፈቀዳል ወይ? ቡና መቁላትና ዕጣን ማጨስስ? የመጨረሻውን ሁሉም ይረሳዋል። የጭስ ማንቂያው ሲጮህ ያስታውሰዋል።

2. ሰው ቁጠሩ፣ ከዚያ ቤተሰብ ቁጠሩ

«እንመጣለን» ያለውን ሳይሆን በቁጥር የመለሰውን ያዙ። «ስንት ትልቅ፣ ስንት ልጅ?» ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ 60 ሰው 40 ትልቅና 20 ልጅ ነው። በቤተሰብ ሲቆጠር 18 ቤት ይሆናል። ወንደላጤዎቹም እንደ አንድ አንድ ቤት ተቆጥረው ነው። ሥራ የሚከፋፈለው በሰው ሳይሆን በቤት ነው።

3. ሂሳቡ

እንጀራ፦ ለትልቅ ሰው ሁለት፣ ለልጅ ግማሽ። 80 እና 10፣ 90 ይሆናል። አሥር መጠባበቂያ ጨምሩና 100 አድርጉት። እኔ የምገዛው እሽግ አሥር አሥር ስለሚይዝ አሥር እሽግ ነው። ይህን ለብዙ ሰው አትከፋፍሉት። ገንዘብ ተዋጥቶ አንድ ሰው ከሳምንት በፊት ይዘዝ። በበዓል ሰሞን የሀበሻ ሱቆች ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ፤ ከቀትር በኋላ የሄደ ባዶ መደርደሪያ ነው የሚያየው። ሌላም አለ። እዚህ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ካላችሁ አንድ እሽግ ንጹህ ጤፍ ለብቻው ይግባ፣ ስሙም ይጻፍበት።

ዶሮ፦ ይኼ በሊትር አይለካም። በብልትና በእንቁላል ነው የሚቆጠረው። አንድ ዶሮ 12 ብልት። ለ40 ትልቅ ሰው አራት ዶሮ ከገባ 48 ብልት ነው፤ 48 እንቁላል ይቀቀልለታል። ሁለት ቤት ሁለት ሁለት ዶሮ ይሥራ። አንድ ቤት አራቱንም ይሥራ ካላችሁ ያን ሁሉ ሽንኩርት የሚያቁላላው ሰው በዓሉን አልቅሶ ነው የሚያሳልፈው። ደግሞ ሁለት እጅ ሁለት ጣዕም ነው። የማን ይበልጣል የሚለው ክርክር እስከ ቡናው ድረስ ጨዋታ ይሆናል።

የቀረው ወጥ፦ ትልቅ ሰው ሁሉንም ዓይነት ተደማምሮ ግማሽ ሊትር ያህል ወጥ ይወስዳል። ልጅ ከዚያ ግማሹንም አይጨርስም። ለ60 ሰው 24 ሊትር ገደማ ይመጣል። ዶሮው ከነእንቁላሉ ወደ 10 ሊትር ይሸፍናል። 14 ቀረ። ግማሽ የሚባለው የአሉሚኒየም ትሪ እንዳይፈስ ተደርጎ ሲሞላ ሦስት ሊትር ያህል ይይዛል። ስለዚህ አምስት ትሪ ይበቃል። እኔ ስድስት አደርገዋለሁ፤ የማይቀር ሰው እንደሚቀር ሁሉ ያልተጠራ ሰውም ይመጣል።

ስድስቱ ትሪ እነዚህ ናቸው፦ ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ በካሮት፣ የበግ አልጫ፣ ጥብስ። አራቱ የጾም መሆናቸው አይግረማችሁ። ከ40 ቀን በላይ ጾመን ማን ጎመን ይነካል ብለን አንድ ዓመት ቀነስነው። ሁለተኛ ሊጨምር የተነሳው ሰው ሁሉ ጎመን ነበር የሚፈልገው። ሥጋና ቅቤ የማይበላም አይጠፋም።

4. አከፋፍሉ፤ አትለማመጡ

ለ18ቱ ቤት እንዲህ ደልድያለሁ። ዶሮ ሁለት ቤት። ትሪዎቹ ስድስት ቤት። እንጀራ የሚያዝና የሚያመጣ አንድ። ድፎ ዳቦ ሁለት። መጠጥ፣ ውሃና በረዶ ሁለት። ቡና አንድ። ሳህን፣ ሶፍት፣ ፎይልና የቆሻሻ ከረጢት አንድ። የልጆች ምግብ አንድ፤ ላዛኛ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እዚህ የተወለዱት ልጆች ሌላ ነገር ቢቀርብላቸውም ዞረው እሱ ጋ ነው የሚሰለፉት። አይብና ሰላጣ አንድ። የመጨረሻው ቤት ምግብ አያመጣም፤ ቀድሞ ገብቶ ጠረጴዛ ይዘረጋል፣ መጨረሻ ወጥቶ ይጠርጋል። ይህን ለማን እንደምትሰጡ አስቡበት። ሁሌ አርፍዶ የሚመጣ ሰው ላይ እንዳትጥሉት። ለእሱ ድፎ ዳቦም አትስጡት። ለእሱ የሚሆነው ሶፍት ነው ብዬ ነበር፤ አንድ ዓመት ሶፍቱም አልደረሰም።

ማን ምን ይሥራ የሚለውን ስትወስኑ ሰው የሚታወቅበትን ስጡት። ጥብስ እየጠበሰ ለሰው የሚያቀርብ ወንደላጤ አለ፤ በረዶ ብቻ ብታስገዙት ቅር ይለዋል። ሁለት ሥራ የምትሠራ እናት ደግሞ አለች፤ ለእሷ ውሃ ስጧት፣ ታመሰግናችኋለች።

ከሦስት ሳምንት በፊት ግሩፑ ላይ የምለጥፈው መልእክት ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ቤተሰብ! የገና ዝግጅታችን ቅዳሜ ከቀኑ 7 ሰዓት ነው (1 ፒኤም)። ድልድሉ ከታች አለ። የማይመቸው እስከ እሁድ ማታ ይንገረኝ፣ እቀይራለሁ። ከእሁድ በኋላ መቀያየር በራሳችሁ ነው፤ የሚተካችሁን ፈልጋችሁ አሳውቁኝ። ዕቃችሁ ላይ ስም ይጻፍበት። ማውጫ ጭልፋ አትርሱ።»

ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍ ግድ ነው። «በሰባት» የተባለ ሰው ማታ ሰባት ፒኤም ላይ ዶሮውን ይዞ ቢመጣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ለታላላቆች ግን ቴሌግራም አይበቃም። ደውሉ። «እትዬ፣ የእርስዎ ክክ አልጫ ከሌለማ በዓሉ አይሆንም፤ ትሪውን እኔ አመጣልዎታለሁ» በሉ። ትሪውንም በእርግጥ ውሰዱላቸው። «ልጄ፣ ዶሮም ልሥራ እንጂ!» ማለታቸው አይቀርም። እዚህ ላይ ጠንክሩ። «ዶሮው ተይዟል፣ እርስዎ አልጫውን» ብላችሁ ምርቃት ተቀብላችሁ ስልኩን ዝጉ። አንዴ እሺ ያላችሁ እንደሆነ ሦስተኛ ዶሮ ይመጣል፣ አልጫው ይቀራል።

5. ወረቀት ለጥፉ

እያንዳንዱ ትሪ ፊት ትንሽ ወረቀት ይቀመጥ። ምን እንደሆነ፣ ቅቤ ይኑረው አይኑረው፣ ለውዝ ወይም ሰሊጥ ይግባበት አይግባበት። እኛ ጋ ሙስሊም ጎረቤቶችም ይመጣሉ። ስለዚህ የሥጋው ትሪ ላይ የክርስቲያን ወይም የእስላም ሥጋ መሆኑ ይጻፋል። የበግ አልጫውን ግማሹን ሙስሊሞቹ ቤታቸው ይሠሩታል፣ ጠረጴዛውም ለየብቻ ነው። ማንም ማንንም «ይኼ የምንድን ነው?» እያለ ሲጠይቅ አይሳቀቅም። የጾሙን ምግብ ሁላችንም እንጋራለን፤ ጭልፋው ብቻ ከሥጋው ጭልፋ ጋር እንዳይቀያየር።

6. ማብሰል፣ መጫን፣ ማሞቅ

ዶሮ ወጥ ከአንድ ቀን በፊት ቢሠራ ይበልጥ ይጥማል እንጂ አይጎዳም፤ ያደረ ወጥ ጣዕሙ ሌላ ነው። አሳዳሩ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ትልቁን ድስት እንደጋለ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱት፤ መሀሉ እስኪበርድ ሌሊቱ ያልቃል። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ገልብጡት፣ ቶሎ ይበርዳል። በማግስቱ እስኪፈላ አሙቁ።

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለዚህ ግልጽ ልክ አውጥቷል። ትኩስ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ (140 ፋራናይት) በላይ ይቆይ፣ ቀዝቃዛው ከ4 ዲግሪ (40 ፋራናይት) በታች። በመካከል ያለ ምግብ ክፍል ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ ይጣል። የእኛ ድግስ ደግሞ መቼ በሁለት ሰዓት ያልቃል? ስለዚህ ሁሉንም ትሪ በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ግማሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ግማሹ ምድጃ ውስጥ ይሁን። ከሥር የሚለኮሱት ትንንሽ የእሳት ቆርቆሮዎች ትሪውን ያቆዩታል እንጂ የበረደውን አያሞቁትም። ጋል ብሎ ነው መቀመጥ ያለበት።

ክትፎ ለፖትላክ አይሆንም። ክትፎ እዚያው ተሠርቶ እዚያው የሚበላ ነገር ነው። መኪና ውስጥ አርባ ደቂቃ የተቀመጠ ጥሬ ሥጋ ይቅርብን። አይብና ጎመን በሚጥሚጣ ካማራችሁ እሱን አቅርቡ።

መጫን። ይህን በደንብ ስሙኝ፤ መኪናዬ ምንጣፍ ላይ ሁለት ዓመት ያልለቀቀ የዶሮ ወጥ ቅባት አለ። ክዳኑን በፕላስቲክ መጠቅለያ ሁለት ዙር አስራችሁ፣ በላዩ ፎይል፣ ከዚያ ድስቱን ኩለር ውስጥ አስቀምጡት። በረዶ የሚይዝ ኩለር ሙቀትም ይይዛል። በዙሪያው አሮጌ ጋቢ ወይም ፎጣ ጠቅጥቁ። እንዲህ የሄደ ድስት ሲከፈት እንፋሎቱ ፊታችሁን ይመታዋል። ወንበር ላይ ያስቀመጣችሁት ድስት ግን የመጀመሪያው ቀይ መብራት ላይ ይደፋል።

እንጀራውን የመኪና የኋላ ኮፈን ውስጥ አታሳድሩት። የጃንዋሪ ብርድ ያደርቀውና ሲጠቀለል ይሰነጣጠቃል። ጠዋት ቤት ውስጥ ለሁለት እየቆረጣችሁ ጠቅልሉት፣ ላዩን በፕላስቲክ፣ ከዚያ በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑ። የተጠቀለለ እንጀራ ያድናል። ሙሉ እንጀራ ያነሳ ሰው ግማሹን ሳህን ላይ ትቶት ይነሳል፤ ጥቅልል ያነሳ ግን ሲያንሰው ይጨምራል።

7. መብራቱ እንዳይጠፋ

ክሮክፖት (በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ የሚያበስል ድስት) የሚያመጡ ሰዎች አሉ፤ ጎበዞች ናቸው። ግን ስድስቱም አንድ ሶኬት ፈልገው አንድ ማከፋፈያ ላይ ይሰካሉ። እዚህ አገር የተለመደው መስመር 15 አምፒር በ120 ቮልት፣ ማለትም 1800 ዋት ነው። አንድ ክሮክፖት 250 ዋት ቢወስድ ስድስቱ 1500 ይደርሳሉ። እስከዚህ ድረስ ይሸከማል። ከዚያ ቡና አፍይዋ የኤሌክትሪክ ምድጃዋን እዚያው ትሰካለች። ምድጃዋ ብቻዋን 1000 ዋት ናት። ቀጭ! አዳራሹ ጨለመ፣ ልጆች እልል አሉ፣ አንድ ሰው ስልኩን አብርቶ ብሬከር ፍለጋ ሄደ። የቡናውን ምድጃ ሌላ ግድግዳ ላይ፣ ቢቻል ሌላ ክፍል ውስጥ ሰኩት።

ከሰል ቤት ውስጥ አይለኮስም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ኑ፣ ወይ ደጅ ቁሉት። ለ40 ሰው አቦል ብቻ አራት ጀበና ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ፔርሙስ ሞልታችሁ ኑ፣ ረከቦቱ ላይ አንድ ጀበና ይፍላ። ሽታው ከጀበናው፣ ሲኒው ከፔርሙሱ።

8. ጠረጴዛው

ጠረጴዛውን ከግድግዳ አርቃችሁ በሁለት በኩል አሰልፉ። ሳህን መጀመሪያ፣ እንጀራ ቀጥሎ፣ የጾሙ፣ ከዚያ የሥጋው፣ መጨረሻ ዶሮ። መጠጥ ሌላ ጥግ ላይ ይሁን፤ ኮካ የሚቀዳ ልጅ ሰልፉን ሁሉ ያቆመዋል። ሳህኑ ጠንካራ ይሁን። ስስ ወረቀት ሳህን እንጀራና ወጥ ሲጫንበት መሀሉ ላይ ይታጠፋል፤ ነጭ የሀበሻ ልብስ የለበሰ ሰው ላይ ሲታጠፍ ደግሞ አታድርስ ነው።

ዶሮው ጋ አሳላፊ ይቁም። ሰው ራሱ እንዲያወጣ ከተተወ አንዱ ሦስት እንቁላል ይወስዳል፣ ሌላው ፈረሰኛ ፍለጋ ድስቱን ያምሰዋል። አሳላፊ ማን ይሁን ካላችሁ፣ ሁሉም የሚያከብራቸውን አንዲት እትዬ አቁሙ። ጭልፋቸውን ይዘው «አንድ ብልት፣ አንድ እንቁላል» ሲሉ ማንም አይከራከርም። የእኛዋ ባለፈው ዓመት ለገዛ ባላቸው እንኳ ሁለተኛ እንቁላል ከለከሉ።

ከመብላቱ በፊት ድፎው ይቆረሳል። አባት ካሉ ይባርኩ፣ ከሌሉም ታላቁ ሰው ይመርቅ። ምርቃቱ ይረዝማል፤ የትሪዎቹን ፎይል ከ«አሜን» በፊት አታንሱ። ታላላቆች ሰልፍ አይቆሙም። ለእነሱ ሞሰብ ወይም ትልቅ ትሪ ላይ ተቀርቦ ባሉበት ይሂድላቸው። ልጆች ቀጥለው ይብሉ። ከዚያ ሌላው።

9. ቋጠሮና ዕቃ

የተረፈው ይቋጠራል። ባዶ የመቋጠሪያ ዕቃ በሳህኑ ሰው ድርሻ ውስጥ አስገቡት፣ አለበለዚያ ሰው በፎይል ወጥ ይዞ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ያለፈው ግን አይቋጠርም፤ ምድጃ ውስጥ በትኩስነት የቆየውን ነው የምታካፍሉት። ቀድሞ የሚቋጠረው ሥራ ሆኖበት ላልመጣ ሰውና ለአራስ ነው።

ዕቃ ላይ ስም ጻፉ ስል የምሬን ነው። ነጭ ፕላስተር ድስቱ ላይ፣ ክዳኑ ላይ፣ ጭልፋው ላይም። በማግስቱ ባለቤት ያጣውን ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ልቀቁት። አሁንም እኔ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ ሰማያዊ የብረት ድስት ክዳን አለች። ፎቶዋን ሦስት ጊዜ ለጥፌያለሁ። ሁሉም «የኔ አይደለችም» ይላል። ድስቱን ግን አንዱ ቤት ይዞት አለ፤ በየዓመቱ በፎይል ተሸፍኖ ይመጣል።